ነፍስ ማወቅና አብዮት፦ የልጅነት ምስክርነት በሥዕላዊ ግለ ታሪክ

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ብሂሉ ስለ ሊጥ ይናገር እንጂ ስለ ምስክርነት የተነገረ ነው ቢባልም ያስኬዳል። የአንድ አብዮት ወይም የአንድ ጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የሚጠየቁት ሹሙ፣ መኮንኑ፣ የፓርቲ አባሉ፣ ከእስር የተፈታው፣ ከስደት የተመለሰው ናቸው። በዚያው ወቅት ስድስት ወይም ዐሥር ዓመቱ የነበረው ልጅ አይጠየቅም። ያየው ከበር ጀርባ ቆሞ ነው፤ የሰማው ግማሹን ነው፤ ከሰማውም የገባው ጥቂቱ ነው። ቀን አያስታውስም፤ የሰው ስም ያምታታል፤ አባቱ የነገረውን ራሱ ያየው ይመስለዋል። የታሪክ ተመራማሪ ከዚህ ዓይነቱ ምስክር ቢሸሽ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ከ1970ዎቹ ወዲህ ይህንኑ ጎዶሎ ምስክርነት መሠረቱ ያደረገ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ብቅ ብሎ ሰፊ አንባቢ አግኝቷል። ደራሲው በልጅነቱ ያለፈበትን መከራ በተከታታይ ሥዕልና በጽሑፍ አዋሕዶ የሚተርክበት ዘርፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘርፉን አመጣጥ ባጭሩ ካሳየ በኋላ፣ በተለይ በኢራናዊቷ ተወላጅ በማርጃን ሳትራፒ «ፐርሴፖሊስ» እና በጃፓናዊው በኬይጂ ናካዛዋ «ባዶ እግሩ ጌን» ላይ በማተኮር፣ የልጅ ምስክርነት በሥዕልና በቃል እንዴት እንደሚገነባና ከታሪክ ጋር ያለው ዝምድና ምን እንደሚመስል መመርመር ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው። «የካርቱን መጽሐፍ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ካርቱን በእኛ ዘንድ የጋዜጣ ቀልድን ያስታውሳል። ስለዚህ «ሥዕላዊ ግለ ታሪክ» የሚለውን መርጫለሁ። በእርግጥ ታሪክን በአራት ማዕዘን ክፈፎች እየከፈሉ መሳል ለእኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፈፎች፣ ከየሥዕሉ ጋር አጭር የአማርኛ መግለጫ እያስገቡ የሚስሉት ባህላዊ ሠዓሊዎች ሥራ በየሱቁ የሚታይ ነው። በብራና ላይ የተሳሉት የተአምረ ማርያም ሥዕሎችም ድርጊትን በቅደም ተከተል ያሳያሉ። ልዩነቱ «እኔ» የሚለው ላይ ነው። የእኛ ሠዓሊ ከታሪኩ ውጭ ነው፤ ቢበዛ የሥዕሉ አሠሪ ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ይሳላል። ሥዕላዊ ግለ ታሪክ ግን ሠዓሊው ራሱን፣ ያውም ልጅ የነበረውን ራሱን፣ በየክፈፉ ደጋግሞ እንዲስል ያስገድደዋል። በዝርው ግለ ታሪክ «እኔ» አንድ ፊደል ለውጦ በሺህ ጊዜ ሊደገም ይችላል፤ ፊት የለውም። በሥዕል ግን ደራሲው የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር፣ ሲፈራ ዓይኑ እንዴት ይሆን እንደነበር በየገጹ መወሰን አለበት። ይህ ቀላል የቅርጽ ጉዳይ አይደለም።

የዘርፉ ታሪክ

የአሜሪካ ሐያስያን የዘርፉን መነሻ ሲያወሱ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ጀስቲን ግሪን በ1972 ያሳተመውን፣ በሃይማኖታዊ የጥፋተኝነት ስሜት የሚሠቃይን ልጅ ታሪክ የሚተርከውን አጭር ሥራ ነው። አርት ስፒገልማን ለራሱ ሥራ መንገድ የከፈተለት ይህ መጽሐፍ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። እንዲያውም ስፒገልማን «ማውስ» የተባለውን ታሪክ በሦስት ገጽ ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በዚያው በ1972 ነበር። በዚያው ዓመት በቶኪዮ ደግሞ ናካዛዋ «አይቻለሁ» የሚል አጭር ሥዕላዊ ግለ ታሪክ በአንድ የልጆች ወርሃዊ መጽሔት ላይ አወጣ። የካሊፎርኒያውና የቶኪዮው ሠዓሊ አይተዋወቁም፤ የተነሡበት ወግም የተለያየ ነው። ዘርፉ ከአንድ አገር ተነሥቶ ወደ ሌላው ተዛመተ የሚለው አነጋገር ስለዚህ መታረም ያለበት ይመስለኛል።

ናካዛዋ በ1939 በሂሮሺማ ተወለደ። ነሐሴ 6 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምቡ ሲጣል የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት እየሄደ በሩ አጠገብ ደርሶ ስለነበር የግንቡ አጥር ከሙቀቱ ከለለው። አባቱ፣ ታላቅ እኅቱና ታናሽ ወንድሙ ከፈረሰው ቤታቸው ሥር እንደተቀበሩ በእሳት አለቁ። ነፍሰ ጡር የነበረችው እናቱ በዚያው ቀን መንገድ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ናካዛዋ አድጎ ቶኪዮ ሄዶ የልጆች ሥዕላዊ ታሪክ በመሥራት ይተዳደር ጀመር፤ ስለ ቦምቡ ግን አይናገርም ነበር። የተናገረው እናቱ በ1966 ከሞተች በኋላ ነው። አስከሬኗ በጃፓኖች ልማድ ሲቃጠል ሊለቀም የሚገባው አጥንት አልተገኘም፤ የቀረው ነጭ አመድ ብቻ ነበር። ጨረሩ የእናቴን አጥንት ሳይቀር ወሰደብኝ ብሎ እንደተቆጣና ብዕሩን ያነሣው በዚህ ቁጣ እንደሆነ ራሱ ተርኳል። «ባዶ እግሩ ጌን» ከ1973 ጀምሮ በአንድ ሳምንታዊ የወንዶች ልጆች መጽሔት መውጣት ጀመረ፤ በኋላ በሌሎች መጽሔቶች እየቀጠለ ዐሥር ቅጽ ሆነ።

ናካዛዋ ከዐዋቂ አንባቢ ጋር አልጀመረም። የጻፈው ለልጆች፣ በልጆች መጽሔት፣ ከስፖርትና ከጀብዱ ታሪኮች ጎን ነው። ጌን ይዘልላል፣ ይማታል፣ ይዘፍናል፤ ፊቱ ክብ፣ አፉ ሰፊ ነው። ቆዳው እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው በዚያው ገጽ፣ በዚያው መስመር ይሳላል። በምዕራቡ ዓለም ያሉ አንዳንድ አንባቢዎች ይህን የአሣሣል አለመመጣጠን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። እኔ ግን በሥራው ውስጥ እውነተኛው ነገር ይኸው ነው እላለሁ፤ ሕፃን ልጅ ሬሳ መካከል ሆኖም ይርበዋል፣ ይስቃል፣ ይጣላል።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነጥብ እንምጣ። አባትና ልጆቹ በእሳት ሲያልቁ ናካዛዋ በቦታው አልነበረም። ያየችው እናቱ ናት፤ የነገረችውም እርሷ ናት። «አይቻለሁ» በተሰኘው አጭር ሥራው ይህንኑ እንደነበረ አስቀምጦታል። በ«ባዶ እግሩ ጌን» ግን ልጁ ጌን እዚያው አለ፤ ምሰሶውን ለማንሣት ይታገላል፣ አባቱ እናትህን ይዘህ ሂድ ሲለው ይሰማል። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሌዠን በ1975 ባሳተመው ታዋቂ ጥናቱ እንዳስቀመጠው፣ ግለ ታሪክን ግለ ታሪክ የሚያሰኘው ደራሲው፣ ተራኪውና ዋናው ገጸ ባሕርይ በስም አንድ መሆናቸው ነው። በዚህ መለኪያ የመጀመሪያው ሥራ ግለ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው፣ ገጸ ባሕርዩ ናካኦካ ጌን የሚባል ስለሆነ፣ ልብ ወለድ ነው። ታዲያ ናካዛዋ ስሙን የለወጠው ምናልባት ይህችን አንዲት ትዕይንት ለመሳል እንዲችል ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እናቱ ለሃያ ዓመት ብቻዋን የተሸከመችውን እይታ ልጇ ከትከሻዋ አውርዶ በራሱ ዓይን ላይ አደረገው። የታሪክ ሰው ይህን ሐሰት ሊለው ይችላል። የሥነ ጽሑፍ ሰው ግን «አየሁ» የሚለው ግስ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን ማጤን ይኖርበታል።

ስለ «ማውስ» ብዙ ስለተጻፈ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ስፒገልማን በ1948 የተወለደ፣ ወላጆቹ ከአውሽቪትዝ የተረፉ ፖላንዳውያን አይሁዳውያን የነበሩ ሠዓሊ ነው። መጽሐፉ በ1986 እና በ1991 በሁለት ቅጽ ታትሞ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። አይሁዳውያኑ አይጥ፣ ጀርመኖቹ ድመት ሆነው መሳላቸው ይታወቃል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ፤ እናቱ ከጦርነቱ በኋላ የጻፈችውን ማስታወሻ አባቱ ማቃጠሉን ልጁ ሲሰማ የመጀመሪያው ቅጽ ያበቃል። መጽሐፉ በሙሉ የቆመው በጠፋ ጽሑፍ ቦታ ላይ ነው። ከናካዛዋ ጋር የሚያገናኘውም እናቱ ናት፤ በሁለቱም ዘንድ ሥዕሉ የተጀመረው እናት ከሞተች በኋላ፣ ከእርሷ ምንም ካልቀረ በኋላ ነው።

ፐርሴፖሊስ

ሳትራፒ በ1969 በካስፒያን ባሕር አቅራቢያ ባለችው በራሽት ተወልዳ በቴህራን አደገች። ወላጆቿ የተማሩ፣ ወደ ግራው ያዘነበሉ ሰዎች ነበሩ፤ እርሷም በፈረንሳይኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ትማር ነበር። ሻህ በጥር 1979 አገር ለቅቆ ሲሄድ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በ1980 ሴት ተማሪዎች እንዲሸፋፈኑ ታዘዘ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ከኢራቅ ጋር ስምንት ዓመት የፈጀው ጦርነት ተጀመረ። በ1984 ወላጆቿ ለብቻዋ ወደ ቪየና ላኳት። ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሳ በቴህራን የሥዕል ትምህርት ተከታተለች፤ አግብታ ፈታች፤ በ1994 ወደ ፈረንሳይ ሄደች። «ፐርሴፖሊስ» ከ2000 እስከ 2003 በአራት ቅጽ በፓሪስ ታተመ። አሳታሚው በ1990 በጥቂት ሠዓሊዎች የተቋቋመ፣ ከነጋዴ አሳታሚዎች የራቀ ድርጅት ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ዳቪድ ቤ የታመመ ወንድሙን ታሪክ በጥቁርና ነጭ በመሳል ለሳትራፒ አርአያ ሆኗታል፤ የመጀመሪያውን ቅጽ መቅድም የጻፈላትም እርሱ ነው። በ2007 ከቬንሳን ፓሮኖ ጋር ፊልም አድርጋው በካን በዓል የዳኞች ሽልማት ተጋርቷል።

የመጽሐፉ አሣሣል የተማሪ ደብተር ላይ የተሣለ ይመስላል። ጥላ የለም፤ ግማሽ ቀለም የለም፤ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ። ይህ ከችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም፤ ሊነገር ከተፈለገው ጋር የተስማማ ነው። በልጅቱ ዓለም ሰው ወይ ጀግና ነው ወይ ከሃዲ፤ መንግሥትም ሕዝቡን የሚከፍለው በዚሁ መልክ ነበር። ትንሿ ማርጂ ነቢይ ለመሆን ታስባለች፤ ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ከፈጣሪ ጋር ታወራለች። ፈጣሪ በሥዕሉ ውስጥ ካርል ማርክስን ይመስላል፤ ልጅቱም መመሳሰሉን ታስተውላለች። ይህን ቀልድ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን በ1970ዎቹ ከአንድ ዓለማዊ አብዮተኛ ቤት ያደገች ልጅ ልብ ውስጥ እምነትና ርእዮተ ዓለም በአንድ ጢም ተሸፍነው ይኖሩ እንደነበር በዝርው ለመግለጽ ስንት ገጽ ይፈጅ ነበር?

ለታሪክ ምንጭነት የሚቀርብ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። በነሐሴ 1978 በአባዳን ከተማ ሬክስ የተባለ ሲኒማ ቤት ተቃጥሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በ«ፐርሴፖሊስ» ውስጥ በማርጂ ቤት እንደሚወራው ጥፋተኛው ሻህ ነው። በጊዜው ብዙ ኢራናውያን ይህንኑ ያምኑ ነበር፤ እምነቱም አብዮቱን ካፋፋሙት ነገሮች አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ቃጠሎው የሻህ ተቃዋሚ በነበሩ የሃይማኖት አክራሪዎች እንደተፈጸመ ይቀበላሉ፤ ከአብዮቱ በኋላ በ1980 በተካሄደ ችሎትም ከአቃጣዮቹ አንዱ ተፈርዶበት ተገድሏል። ሳትራፒ ስትጽፍ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ይሁንና በመጽሐፉ ውስጥ እርማት አላስገባችም። ገጹን የሞላው ከእሳቱ መካከል እንደ መንፈስ ተንጠልጥለው ወደ ላይ የሚበሩ የሰዎች ሥዕል ነው፤ እሳት አይታ የማታውቅ ልጅ የሰማችውን ስታስብ የሚመጣባት ምስል ነው።

ሥራውን በዚህ የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፌታው ግን የሚሳሳተው መጽሐፉን የአባዳን ቃጠሎ ምንጭ አድርጎ በመውሰዱ ነው። «ፐርሴፖሊስ» የአባዳን ምንጭ አይደለም። ነሐሴ 1978 በአንድ የቴህራን ሳሎን ውስጥ ስለ አባዳን ይወራ ለነበረው ወሬ ግን አንደኛ ደረጃ ምንጭ ነው። አብዮት የሚነሣው በሆነው ነገር ብቻ አይደለም፤ ሆነ ተብሎ በታመነውም ነው፤ ወሬውን በትክክል የሚይዝ ደግሞ ለማመዛዘን ገና ያልደረሰ ልጅ ነው።

በዚያው ክፍል ሌላም ትዕይንት አለ። አባት ከሰልፍ ዘግይቶ ይመለስና ያየውን ይተርካል። ሕዝቡ የተገደለ ወጣት ሬሳ ተሸክሞ ይጮኻል፤ ቀጥሎ የአንድ ሽማግሌ ሬሳ ከሆስፒታል ሲወጣ እርሱንም ሰማዕት ብለው ያነሡታል። ሚስቱ ባሌ የሞተው በካንሰር ነው ትላለች፤ አይሰሟትም፤ በመጨረሻ እርሷም አብራ ትጮኻለች። ቤተሰቡ በሳቅ ይፈርሳል። ማርጂ ግን ምኑ እንደሚያስቅ አይገባትም፤ ሬሳ፣ ካንሰር፣ ሳቅ እንዴት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ለመረዳት መጻሕፍቶቿን ታገላብጣለች። የሰማዕትነት አምልኮ በኋላ በዚያች አገር ላይ ምን እንዳስከተለ ለሚያውቅ አንባቢ ያ ሳቅ ቀላል ሳቅ አይደለም። በየትኛውም የፖለቲካ መሪ ማስታወሻ ውስጥ አይገኝም፤ ምክንያቱም በአብዮት ዋዜማ በሬሳ ላይ ስቄ ነበር ብሎ የሚጽፍ ዐዋቂ አይኖርም።

ከሻህ እስር ቤት የተፈቱ ሁለት ወዳጆች ቤታቸው መጥተው ስለ ግርፋቱ ሲናገሩም ልጅቱ አለች፤ ማንም ውጪ አላላትም። አንድ ጓደኛቸው ተቆራርጦ እንደተገደለ ይናገራሉ። በሥዕሉ የምናየው ሰውዬ ንጹሕ ሆኖ የተቆራረጠ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ አሻንጉሊት ይመስላል። ደም የለም፤ አጥንት የለም። ልጅቱ የሰው ሆድ ዕቃ ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ የምታውቀው የተሰበረ አሻንጉሊት ነው። ናካዛዋ በልጅነቱ ያየውን ስለሚስል ምንም አይተውም፤ ሳትራፒ በልጅነቷ የሰማችውን ስለምትስል ሥዕሉ ባዶ ይሆናል። ሁለቱም ታማኞች ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ ማርጂ ከሰፈር ልጆች ጋር ግርፋት ግርፋት ትጫወታለች፤ የተሸነፈውን ለመቅጣት አዳዲስ ሥቃይ ትፈጥራለች፤ ከመስተዋት ፊት ቆማ ቀንድ ያበቀለች መስሎ ይሰማትና ደስ ይላታል፤ ወዲያው ታለቅሳለች። ይህችን ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ አስበልጣለሁ። ግፍን የሰማ ልጅ ሩኅሩኅ ይሆናል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ሳትራፒ ግን ግፉ በልጁ ውስጥ መጀመሪያ ጨዋታ እንደሚሆን ሳትሸፍን ጽፋዋለች።

በስተመጨረሻ የጎረቤቶቻቸው የአይሁድ ቤተሰብ ቤት በሚሳኤል ይመታል። ማርጂ ከፍርስራሹ ሥር የጓደኛዋን አምባር ታያለች። አንድ ክፈፍ፦ አፏን በእጆቿ ትሸፍናለች። ሌላ ክፈፍ፦ ዓይኖቿን ትሸፍናለች። የመጨረሻው ክፈፍ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። ስለ ሬሳ ከሰማችው ሥዕል ስትሠራ የነበረችው ልጅ ራሷ ባየች ጊዜ ሥዕሉ ይቋረጣል።

በመጽሐፉ ላይ የሚነሣው ከባዱ ትችት የመደብ ትችት ነው። ደራሲዋ ከቃጃር ነገሥታት የሚወርድ አያት ያላት፣ ወደ ውጭ የምትላክበት ገንዘብ ያላት፣ በፈረንሳይኛ የጻፈች ናት፤ ስለዚህ የተናገረችው ስለ ኢራን ሳይሆን ስለ ሰሜን ቴህራን ነው፣ ለምዕራቡ አንባቢም የሚያስደስተውን ሰጥታዋለች ይባላል። ትችቱ መሠረት አለው። ነገር ግን መጽሐፉ ራሱ ይህን ይዞ እንደተነሣ መካድ አይቻልም። የቤት ሠራተኛዋ መህሪ ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ የጎረቤቱን ልጅ ትወዳለች፤ የፍቅር ደብዳቤውን የምትጽፍላት ማርጂ ናት። ልጁ ሠራተኛ መሆኗን ከማርጂ አባት ሲሰማ ይተዋታል። ስለ እኩልነት ሲሰብክ የኖረው ያው አባት በዚህች አገር ከመደብ መውጣት አይቻልም ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱ ልጆች ተደብቀው ሰልፍ ይወጣሉ፤ ሲመለሱም ከእናት እኩል ጥፊ ይቀምሳሉ። ቀኑ ብዙ ሰው የተገደለበት የመስከረም 8 ቀን 1978 ጥቁር ዓርብ ነበር።

ከዚህ ይበልጥ የሚናገረው አንድ ገጽ ነው። የሌላዋ ሠራተኛ ልጅ ከትምህርት ቤቱ የወርቅ ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ቁልፍ ተሰጥቶት ይመጣል፤ በግንባር ከሞትክ የገነት ቁልፍ ይህ ነው ተብሏል። ማርጂ በዚያው ሰሞን የተቀዳደደ ሹራብ ለብሳ የመጀመሪያ የዳንስ ግብዣዋ ላይ ትገኛለች። በገጹ የላይኛው ክፈፍ ቁልፍ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ልጆች በፈንጂ ወደ ላይ ሲወረወሩ፣ በታችኛው ደግሞ የሀብታም ልጆች ሲጨፍሩ ይታያል። እጅና እግራቸው የተወራጨበት መልክ አንድ ዓይነት ነው። ጽሑፉ ምንም አይፈርድም፤ በሁለቱ ክፈፎች መካከል ያለችው ቀጭን ነጭ መስመር ትፈርዳለች። ለተማሪዎቻችን የክፈፍ አደራደር ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከሳትራፒ በኋላ ዘርፉ በፍጥነት ሰፋ። ዜይና አቢራሽድ በ2007 የቤይሩትን የእርስ በርስ ጦርነት በአንዲት የ1984 ሌሊት፣ ከቤቱ ሁሉ ደኅና በተባለ የመግቢያ ክፍል ውስጥ ሰብስባ አቀረበች። ሪያድ ሳቱፍ በሊቢያና በሶርያ ያሳለፈውን ልጅነት ከ2014 እስከ 2022 በስድስት ቅጽ አወጣ፤ ለየአገሩ የተለየ ቀለም ሰጥቶታል። ቲ ቡዪ በ1978 ከቬትናም በጀልባ የሸሸውን ቤተሰቧን ታሪክ በ2017 አሳተመች። ቻይናዊው ሊ ኩንዉ ከእነዚህ ይለያል፤ የባህል አብዮቱን በልጅነቱ ያጨበጨበለት፣ አድጎም የፓርቲው ጋዜጣ ሠዓሊ የሆነ ሰው ነው፤ ስደተኛ አይደለም። ሥራው ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቃቄ ይበዛበታል፤ ስለዚያው ግን ለማጥናት ይበልጥ የሚያጓጓ ነው።

የኢትዮጵያ አብዮት ትውስታዎች በዝርው የተጻፉ ናቸው። ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» ውስጥ፣ ሕይወት ተፈራ በ2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፏ ውስጥ የሚናገሩት የተሳታፊው ትውልድ ሰዎች ናቸው፤ በቀይ ሽብር ዘመን የመረጡ፣ የተደራጁ፣ የታሰሩ። ከእነርሱ በታች በዚያው ቤት ውስጥ የሚኖሩ ታናናሾች ነበሩ። ፈታሾች ሲመጡ አልጋ ላይ እንደተኙ የመሰሉ፣ ወንድማቸው የት እንደሄደ ሲጠየቁ የሚሉት የተነገራቸው፣ የተቃጠለ ወረቀት አመድ ሽንት ቤት ሲደፋ ያዩ ልጆች። ለእነዚህ ሥዕል ከዝርው የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ያላቸው ትዝታ ሐሳብ ሳይሆን ዕቃ ነው፦ በር፣ ጫማ፣ የባትሪ መብራት።

የአንባቢ ዕድሜ

እነዚህ መጻሕፍት ከታተሙ በኋላ የደረሰባቸው ነገርም የዘርፉ ታሪክ አካል ነው። በመጋቢት 2013 የቺካጎ ከተማ የትምህርት ባለሥልጣናት «ፐርሴፖሊስ» ከመማሪያ ክፍሎች እንዲወጣ አዘዙ፤ የተጠቀሰው ምክንያት ግርፋትን የሚያሳየው ገጽ ነበር። ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ። ባለሥልጣናቱ መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍት ይቆይ፣ ለ7ኛ ክፍል ግን አይሰጥ አሉ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ 12 ወይም 13 ዓመቱ ነው፤ ማርጂ ያንን ታሪክ የሰማችው ከዚህ ዕድሜ በታች ሆና ነው። በጥር 2022 በቴነሲ ግዛት የማክሚን ወረዳ የትምህርት ቦርድ «ማውስ»ን ከ8ኛ ክፍል ትምህርት አስወጣ፤ ምክንያቱ ጥቂት የስድብ ቃላትና አንድ የራቁት ሥዕል ነበር።

በጃፓን በማትሱዌ ከተማ የትምህርት ቢሮው በ2012 መጨረሻ ትምህርት ቤቶች «ባዶ እግሩ ጌን»ን ከልጆች እጅ እንዲያርቁ ጠየቀ። የተባለው ሥዕሎቹ እጅግ ጨካኝ ናቸው ነው። በተለይ የተጠቀሱት ግን የቦምቡ ሥዕሎች አልነበሩም፤ በኋለኞቹ ቅጾች የጃፓን ወታደሮች በእስያ ሕዝቦች ላይ የፈጸሙትን የሚያሳዩት ናቸው። ናካዛዋ በዚያው ወር አረፈ። ጉዳዩ በነሐሴ 2013 በጋዜጦች ሲወጣ እገዳው ተነሣ።

በ2023 ደግሞ ራሷ የሂሮሺማ ከተማ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በምታዘጋጀው የሰላም ትምህርት መጽሐፍ ውስጥ የነበሩትን የ«ጌን» ገጾች አወጣች። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ጌን ከሰው ኩሬ ዓሣ የሚሰርቅበት ትዕይንት ነው፤ የዛሬ ልጆች በስሕተት ሊተረጉሙት ይችላሉ ተባለ። ዓሣውን የሚሰርቀው በምግብ እጦት ለተዳከመችው ነፍሰ ጡር እናቱ ነው። በሆዷ የነበረችው ቦምቡ በወደቀበት ቀን የተወለደችው ሕፃን ናት።